ነፍስ ይማር ያልኩለት ግጥም

ዛሬ ጠዋት አሜሪካ፣ ሴንት ፖል ከተማ ውስጥ ከልጅ ልጄ ከሊያ ጋር ስሄድ፣ የእግረኛው መንገድ ሲሚንቶ ላይ ጽሑፍ ተቀርጾ አየሁ። ባርኔጣዬን አውልቄ አማተብኩና "ነፍስ ይማር" አልኩ። ሊያ ሆዷን ይዛ ሳቀች። "አባባ፣ ማንም አልሞተም! ፖየም እኮ ነው!" ከተማው ከነዋሪው ግጥም ተቀብሎ፣ ሲሚንቶው ሳይደርቅ ያትመዋል አለችኝ። በዚህ ዕድሜዬ ለግጥም ፍትሐት ላስደርግ ነበር!

አይፈረድብኝም። ልጅ እያለሁ የተቀረጸ ጽሑፍ የማውቀው ሙሴ ጂኖ ግቢ ብቻ ነበር። ሰፈራችን ውስጥ የመቃብር ድንጋይ የሚቀርጽ ጣሊያን ነው። ከትምህርት ቤት ስመለስ ጎራ እላለሁ፤ የእብነ በረዱ ብናኝ ጥርሴ ላይ ይንቀጫቀጫል፣ ውሃ ሲረጭበት ዝናብ ዝናብ ይሸታል። በእሱ ከተማ ግን እብነ በረድ ለሙት ብቻ አይደለም አለኝ። ሰባት መቶ ዓመት ግድም የሆነው ግጥም አላቸው፤ ግጥሙ ያነሳው ድልድይና ግንብ ሁሉ ላይ ስንኙ ተቀርጾ ተለጥፏል። ከቤታቸው አጠገብ ስለ ወንዙ የሚያወራ ስንኝ ስለተለጠፈ፣ የእነሱን ቤት የጠየቀ ሰው "ከወንዙ ስንኝ አለፍ ብሎ" ነበር የሚባለው።

አንድ ጊዜ ያንኑ የወንዙን ስንኝ በራፉ ላይ በአማርኛ ሊለጥፍ ተነሳ፤ ጎረቤት እንዲያነብለት ጓጉቷል። አማርኛ ይናገራል እንጂ ፊደል አያውቅም፤ የመቃብሩንም ሰው ጽፎ የሰጠውን እያየ ነው የሚቀርጸው። የእጅ ጽሑፌን አይቶ "አንተ ጻፍልኝ" አለና በተሰባበረ አማርኛው ነገረኝ። እኔ ጉደኛው ምን ብጽፍ ጥሩ ነው? "ከዚህ ሰፈር ልጆች በመልክ ታደሰን የሚያህል የለም።" ታደሰ እኔው ነኝ። መልኬን ያየ ይፍረድ።

ምስኪን፣ ሳምንት ሙሉ ቀረጸው። ሰቅሎ ጎረቤቱን ጠራ። እትዬ አስካለ ጮክ ብለው አነበቡና ሳቃቸውን ለቀቁት። ሙሴ ጂኖ ግራ ገብቶት ዞር ዞር አለ።

"ወንዙስ? ወንዙ የት አለ?"

ሲነግሩት አልተቆጣም። ድንጋዩን አውርዶ ገለበጠው። "ይሄኛው ጎን ንጹህ ነው። ደህናውን ስትጽፍ ና" አለኝ። ቢመታኝ ይሻለኝ ነበር። ከዚያ ወዲያ በሌላ መንገድ እየዞርኩ ስሸሸው፣ እሱም አንድ ቀን ጠቅልሎ አገሩ ገባ።

ያኔ ሰፈራችን ውስጥ ስንኝ በራፉ ላይ የተመኘ እሱ ብቻ ነበር። ዛሬ ከተማ ሙሉ ሰው ግጥም እየረገጠ ውሻውን ያናፍሳል፤ ቢያይ ደስታውን አይችለውም ነበር። ይህን ሁሉ ስነግራት ሊያ "ታዲያ አሁን ጻፈዋ! አብረን ለከተማው እንልካለን" አለች። ከሰዓት በኋላ ሚሲሲፒ ዳር አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀመጥን፤ እሷ በእንግሊዝኛ፣ እኔ በአማርኛ። እሷ ጨርሳለች። እኔ ሦስት ወረቀት ሰርዤአለሁ፤ የሙሴ ጂኖ አንድ ስንኝ ግን እስካሁን አለብኝ።