ወረቀት የማትጎትት ማሽን

አባዬ ከዘጠና ሰባቱ ምርጫ በኋላ ለንደን እኔ ጋ ሲመጣ፣ ከልብሱ አስቀድሞ የጠቀለለው የሂሳብ ማሽኑን ነበር። የተደመረውን ወረቀት ላይ እያተመች የምታወጣ፣ እንደ ጡብ የምትከብድ አሮጌ ማሽን ናት። አዲስ አበባ መሥሪያ ቤት ሳለ ሠላሳ ዓመት የየወረዳውን የዝናብ መጠን ሲደምርባት ኖሯል። ኬንቲሽ ታውን ከገባም በኋላ በረንዳው ላይ ጣሳ አስቀምጦ፣ ጠዋት ጠዋት ዝናቡን እየለካ ይደምር ነበር። ለንደን ላይ ዝናብ መደመር ምን የሚሉት ሥራ ነው እያልኩ አሾፍበታለሁ።

ስትሮክ ከመታው ወዲህ ግን ነገር ይምታታበት ጀመር። መነጽሩን ፍሪጅ ውስጥ አገኝለታለሁ። እኔ ብሪክስተን አንድ ፋርማሲ ውስጥ ስሠራ በቀን አምስት ስድስቴ ይደውላል፤ ሻይ የት ነው፣ ዛሬ ቀኑ ማን ነው ይለኛል። ማናጀሯ ፊቷን አጠቆረችብኝ። አንድ ቀን ጠዋት ከቤት ስወጣ ጮህኩበት።

«አባዬ፣ ሥራዬን ልታሳጣኝ ነው? እባክህ አትደውልልኝ።»

«እሺ» አለኝ። «ሁለተኛ አልደውልም።»

አላኮረፈም። ቢያኮርፍ ይሻለኝ ነበር።

ከሰዓት በኋላ ስመለስ ወንበሩ ላይ እንደተቀመጠ አርፎ አገኘሁት። እጁ ማሽኗ ላይ ነበር። ስልኬን አውጥቼ ቼክ አደረግኩ፤ አንድም ሚስኮል የለም። ዓመታት ሙሉ ይህችን ነገር ይዤ ኖርኩ። ለለቅሶ ለመጣው ሁሉ፣ ዝናቡን ሲደምር ነው ያሸለበው፣ ሳይጨነቅ ነው የሄደው አልኩ። ውስጤ ግን አላመነም። ማሽኗን ቁም ሳጥን ውስጥ ከተትኳት፤ ልብስ ላወጣ በከፈትኩ ቁጥር አባዬ እዚያ ጨለማ ውስጥ ቁጭ ብሎ የሚጠብቀኝ ይመስለኝ ነበር። የገዛ አባቴን ፈራሁት።

ባለፈው ዓመት ቤት ልቀይር ዕቃ ስጠቀልል አወጣኋትና ሰካኋት። መብራቷ በራ፤ ወረቀቱ ግን ንቅንቅ አይልም። ሽፋኗን ፈታሁት። ወረቀቱን የምትጎትተው ጎማ የለበሰች ቀጭን ዘንግ ናት፤ ጎማው ቀልጦ እንደታኘከ ማስቲካ ሆኗል። በአልኮል ስፈገፍግ ዋልኩ። ከዚያ ቶተንሃም ሄጄ ለዓሣ ገንዳ የሚሆን ቀጭን ቱቦ ገዛሁና፣ በልኳ ቆርጬ አለበስኳት። ሁለቴ አበላሸሁ፣ ሦስተኛው ልክ ሆነ። ወረቀቱን የሚያስወጣውን ቁልፍ ስጫን፣ ያን ሁሉ ዓመት ማተሚያው ሥር ተደብቆ የቆየው ብቅ አለ።

አንድ መስመር ቁጥር ብቻ ነው። ጎማው ያን ጊዜም ተበላሽቶ ወረቀቱ ስላልተንቀሳቀሰ እላዩ ላይ ደጋግሞ ታትሞበት ሊቀደድ ደርሷል። ሆኖም ይነበባል፤ ምክንያቱም በየጊዜው የተመታው ያው ቁጥር ነው። አሥር አኃዝ፣ በአንድ የሚጀምር። እንዲህ ዘንቦ ቢሆን ለንደን ከነሰዎቿ በሰመጠች ነበር።

ግራ ገብቶኝ ቁልፎቹን በታተመው ተራ ነካካኋቸው። ጣቴ መንገዱን ያውቀዋል። ስልክ ላይ አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት ያሉት ከላይ ነው፤ ማሽኗ ላይ ግን ከላይ ያሉት ሰባት፣ ስምንት፣ ዘጠኝ ናቸው። ከቁጥር ፊት የምትመጣን ዜሮ ደግሞ ማሽኗ አታትምም። ቁጥሩን በስልክ አቀማመጥ ሳነበው የራሴ ስልክ ቁጥር ሆነ።

አባዬ የማሽኗን ቁልፎች ሠላሳ ዓመት ሳያይ የመታ ሰው ነው፤ አይሳሳትባቸውም። ማሽን መሆኗ ጠፍቶት፣ ስልክ መስላው ነበር። ደውሎልኛል። በየጊዜው ትልቋን የመደመሪያ ቁልፍ እየተጫነ፣ እስካነሳለት ጠብቋል።

ስንት ጊዜ እንደደወለ አላውቅም። ወረቀቱ ቢንቀሳቀስ ኖሮ እቆጥረው ነበር።