የሲባጎው ልክ

ባለፈው ወር የባኞ ቤታችንን ጠርዝ የሚያሽግ ሠራተኛ መጥቶ ሲሊኮኑን ሲከፍት፣ ያ አቼቶ አቼቶ የሚል ሽታ ቤቱን ሞላው። ቶሎ ጨርስ ብዬው በረንዳ ወጣሁ። ሽታው ግን ተከትሎኝ ወጣ፤ እትዬ ብርቅነሽንም ይዟቸው መጣ።

እትዬ ብርቅነሽ ጦር ኃይሎች፣ ከታክሲ ፌርማታው ጀርባ፣ ዓሣና አኳሪየም ይሸጡ ነበር። ዘመዶቻቸው ጨርቅና ሸቀጥ ሲነግዱ እሳቸው ነጠላቸውን ወገባቸው ላይ አስረው መስታወት ይቆርጣሉ፣ በሲሊኮን ያጣብቃሉ። እጃቸው ሁልጊዜ እርጥብ ነበር። ሱቁ ውስጥ ውሃው ሲንዶቀዶቅ፣ ውጭ "አስኮ፣ አስኮ" እያለ የሚጮኸው ወያላ ከሩቅ ያለ ይመስላል። የአሥር ዓመት ልጅ ነበርኩ፤ ከትምህርት ቤት ስወጣ ቦርሳዬን እንዳዘልኩ እዚያ ነበር የምገባው። ዓሦቹን "ልጆቹ" ይሏቸዋል። "ሳባ፣ ልጆቹን አብያቸው" ሲሉኝ ከክፍሌ አንደኛ የወጣሁ ያህል ደስ ይለኝ ነበር። ከእኔ በቀር ማንንም እጁን ውሃው ውስጥ አያስነክሩም።

ከበስተጀርባ ባለው ትልቁ አኳሪየም ውስጥ ሲክሊድ የሚባሉት ጠበኞች ይኖሩ ነበር። ጥቁር ገላቸው ላይ ብርቱካንማ ነጠብጣብ ያለባቸው፣ መዳፍ የሚያካክሉ፣ ሰው ሲጠጋ የማይሸሹ ዓሦች ናቸው። እትዬ ብርቅነሽ እነሱን ሲሸጡ ልጅ የሚድሩ ይመስሉ ነበር። "አፉ ውስጥ የሚገባ ትንሽ ዓሣ አብረህ እንዳታስገባ፤ ይበላዋል። እኩያውን ፈልግለት፣ ሲገፉት የማይደነግጠውን። ሁለቱንም በአንድ ቀን አስገባ፤ አንዱ ከቀደመ ቤቱ የኔ ነው ይላል። ድንጋይ ደርድርላቸው፣ አንዱ ካንዱ ዓይን የሚሰወርበት ይኑር።"

ከዚህ ሁሉ በፊት ግን ሲባጎ ነበር። ሲክሊድ የሚፈልግ ሰው የአኳሪየሙን ርዝመት በሲባጎ ለክቶ፣ ቆርጦ ማምጣት አለበት። "በአፍ ሲወራማ ሁሉም ቤት ሰፊ ነው" ይሉ ነበር። ሲባጎውን በክንዳቸው ይለኩታል። ሦስት ክንድ ካልሞላ አይሸጡም። ከሞላ የገዢው ስም የተጻፈበት ወረቀት አስረውበት ግድግዳው ላይ ካለው ምስማር ያንጠለጥሉታል። ከሳምንት በኋላ ደግሞ ልጆቹ እንዴት እንደሰነበቱ ቤቱ ድረስ ሄደው ያያሉ።

አባቴ ኮልፌ 18 ማዞሪያ ግሮሰሪ ነበረው። ፊት ለፊቱ አዲስ ግሮሰሪ ተከፍቶ ደንበኛ ሲሸሸው አኳሪየም አማረው። መስታወት ቤት ሄዶ ለባንኮኒው ጥግ የምትሆን አሠራ፤ ከአንድ ክንድ ከስንዝር አታልፍም። ሲክሊድ ሊገዛ ሲሄድ ሲባጎ አምጣ ተባለ። "ዓሣ ልገዛ እንጂ ሱሪ ላሰፋ መሰላት እንዴ የመጣሁት?" እያለ ተመለሰ። ከዚያ እኔን ጠራኝ።

"አንቺን ታምንሻለች" አለኝ። "ረዘም አድርገሽ ቁረጪና ውሰጂላት።"

አልገረፈኝም፣ አላስፈራራኝም። ያን ሲባጎ ወድጄ ነው የቆረጥኩት። አባቴ ሲስቅ ማየት ፈልጌ ነበር፤ ሲክሊዶቹም የኛ ቤት እንዲሆኑ ፈልጌ ነበር። ሦስት ክንድ ለክቼ፣ ለጥንቃቄ ብዬ አንድ ስንዝር ጨመርኩበት።

እትዬ ብርቅነሽ ለኩት። ሦስት ክንድ ሞልቶ ተረፈ።

"በራስሽ እጅ ነው የለካሽው?"

"አዎ፣ እትዬ።"

ሌላ አልጠየቁኝም። ሁለት እኩያ ዓሦች መርጠው አየር በተነፋበት ፌስታል ቋጠሩልኝና ትከሻዬን መታ መታ አደረጉኝ። "ደህና ቤት ገቡ" አሉ።

አባቴ ድንጋይ አላስገባም፤ ዓሦቹን ይከልላል አለ። በሦስተኛው ቀን አንደኛው ሌላውን ጥግ አስያዘው። የተባረረው የሚሄድበት አልነበረውም፤ ትንሽ ዞር ሲል መስታወት ነው። ጠጪዎቹ ወደዱት። ማን ያሸንፋል እያሉ ቢራ ይወራረዱ ጀመር፤ አባቴም ሳቀ። በአምስተኛው ቀን የተሸነፈው ክንፉ ተበጫጭቆ፣ አንድ ዓይኑ ጠፍቶ ተንሳፍፎ አገኘሁት። ለእትዬ ብርቅነሽ ሄጄ መናገር እችል ነበር። በዚያ ሳምንት በሱቃቸው በኩል አላለፍኩም።

ቅዳሜ ጠዋት ክዳን ያለው ባልዲ ይዘው መጡ። አኳሪየሙን ቆመው አዩት። ከዚያ ሲባጎዬን ከቦርሳቸው አውጥተው መስታወቱ ላይ ዘረጉት። ሲባጎው መስታወቱን አልፎ፣ ባንኮኒውን አልፎ ተንጠለጠለ። ከጠጪዎቹ አንዱ ሳቀ።

"እኔ ምን አውቄ" አለ አባቴ። "ልጅቷ ናት የለካችው።"

እትዬ ብርቅነሽ ወደ እኔ ዞሩ። "አባትሽ ነው እንዲህ ያስደረገሽ?" አሉኝ ቀስ ብለው።

አባቴን አየሁት። ብርጭቆ ይወለውላል፤ ቀና አላለም። "አይ" አልኩ፣ "እኔ ነኝ የተሳሳትኩት።"

የቀረውን ዓሣ ልውሰደው ቢሉ አባቴ የገዛሁት ንብረቴ ነው አለ። ባዶ ባልዲያቸውንና ሲባጎውን ይዘው ወጡ። ያ ዓሣ ከራሱ ምስል ጋር እየተጋጨ ኖሮ፣ ክረምት ላይ መብራት ጠፍቶ አየር የሚነፋለት ሞተር የቆመ ቀን ሞተ።

ወደ ሱቁ የተመለስኩት ከብዙ ቀን በኋላ ነው። እትዬ ብርቅነሽ በደህና ተቀበሉኝ፤ የእናቴን ጤና ጠየቁኝ። ወደ ምግቡ ጣሳ እጄን ስሰድ ግን "ልጆቹ በልተዋል" አሉ። በማግስቱም በልተው ነበር። በሦስተኛው ቀን አልሄድኩም። ዕድሜዬን ሙሉ ተናድጄባቸው ኖሬአለሁ፤ በአሥር ዓመት ልጅ ላይ እንዲህ ይጨከናል? አባቴ ላይ መናደድ የጀመርኩት በጣም ዘግይቼ ነው። እሱ አሁንም እንግዳ ሲመጣ የዓሦቹን ጠብ እያወራ ያስቃል።

የባኞ ቤቱ ሲሊኮን ሲደርቅ ጦር ኃይሎች ሄድኩ። ሱቁ አሁን የሞባይል ዕቃ መሸጫ ነው፤ ልጃቸው ናት ያለችበት። እናቷ ካረፉ ሁለት ዓመት ሆኗቸዋል አለችኝ። ማን እንደሆንኩ ስነግራት ከባንኮኒው ሥር የብስኩት ጣሳ አወጣች፤ በሲባጎ የተሞላ። "መጣል አልሆነልኝም" አለች። አንድ በአንድ አወጣናቸው። ወረቀቶቹ ላይ የገዢዎቹ ስም አለ። የኔን ለማግኘት የአባቴን ስም ፈለግኩ። የአንደኛው ላይ በእርሳስ የተጻፈው ግን "ሳባ" ይላል።

ከአንዱ ጫፍ አንድ ክንድ ከስንዝር ላይ፣ የአባቴ አኳሪየም በሚያልቅበት፣ ቋጠሮ አለው። እኔ ሳመጣው ቋጠሮ አልነበረውም።

"ከፈለግሽ ውሰጂው" አለችኝ ልጃቸው።

ቤት ገብቼ ቋጠሮውን ለመፍታት ሞከርኩ። ጥፍሬ እስኪታመም ታገልኩት። ጠብቋል። ወረቀቱን እንዳለ ትቼ ጠቀለልኩት።