ከድንጋዩ ሥር ያለው ምልክት

የሲድኒው ድንጋይ ጠራቢ ራስል ቲንዴል እንደ ፊርማ የሚያገለግለውን የጠራቢነት ምልክቱን የሚቀርጸው ግንቡ ውስጥ በሚደበቀው የድንጋዩ ታችኛው ፊት ላይ ነበር፤ የሙያው ወግ ነው። ኋላ ግን ድንጋይ ይከብዳል ተባለና ገበያው ሁሉ በመስታወት ክር ወደተጠናከረው ስስ ኮንክሪት ዞረ። ራስል አንድ የአበባ ጌጥ ብቻ ጠርቦ ሰጠ፤ ከእሱ በተወሰደው የኮንክሪት ማፍሰሻ ቅርጽ አራት መቶ ጌጥ ተሠራ። ምልክቱም ሳይቀር አብሮ ተገለበጠ።

«እሰይ! አራት መቶ ጊዜ ፈረምክ በላ!» አለችው አለቃው ኖሪን እየሳቀች።

«ያልጠረብኩትን ማን ፈርም አለኝ?» ብሎ መሮውን አነሳ። ሦስት ቀን ሙሉ ከአራት መቶውም ላይ ምልክቱን ፋቀ።

ዋናውን ድንጋይ ሊጥሉት ሲሉ ቤቱ ወሰደው። ዛሬ መቃብሩ ላይ ያለው ያው ድንጋይ ነው፤ ምልክቱም እንደ ወጉ ወደ ታች፣ ወደ ራስል ዞሯል።