ከባሕር በታች ያለው ሜዳ

ትልቋ ልጄ ሰብለ ከሆላንድ በቪዲዮ ደውላ፣ ስልኩን ወደ ግራ ስታዞረው ባሕር ታየኝ፤ ወደ ቀኝ ስታዞረው ቤቷና ሣር የሚግጡ ላሞች። ላሞቹ ከባሕሩ ዝቅ ብለዋል! እዚህ ሱዳን፣ ገዳሪፍ ሆኜ ጮኽኩባት።

«አንቺ ልጅ፣ ውኃው ከቤትሽ በላይ ነው እኮ!»

«አገሩ እንዲህ ነው እማዬ። ተራራ የለ፣ ኮረብታ የለ። ባሕሩን በአፈር ግድብ አስቁመው ነው የሚኖሩት። ዝናቡን በቦይ ሰብስበው፣ በሞተር ወደ ላይ ይገፉታል።»

«ውኃ ወደ ላይ? ትቀልጃለሽ!»

«ወላሂ!»

ስልኩ ሲዘጋ ድንበሩ አጠገብ ያለችው የእርሻ መንደር፣ ቁረይሻ፣ ትዝ አለችኝ። ያኔ ልጅ እግር ነበርኩ፤ ከጎንደር ደጋ ወርጄ፣ ሰብለን አዝዬ ሰሊጥ አርም ነበር። ቁረይሻም ሜዳ ናት፤ ጥቁሩ ዋልካ ሲርስ እግር ይዞ አይለቅም። የዚያን ቀን ሰማዩ ጥርት ስላለ፣ ኪስራችንን፣ የሱዳኖችን ስስ እንጀራ፣ በባሚያ ወጥ እያጠቀስን ደረቁ ወንዝ ውስጥ ምሳ በላን። ለካ ዝናቡ የዘነበው ራቅ ብሎ፣ በእኛው አገር ተራራ ላይ ነው። ቀና ስንል ደፍራሽ ውኃ ግንድ እያንከባለለ መጣ።

የደጋ ሰው ጎርፍ ሲመጣ ዓይኑ ተራራ ነው የሚፈልግ። በሩቁ ወደምትታየኝ ጉብታ ሮጥኩ። መሐሉ ረባዳ ኖሮ ውኃው ጭኔ ደረሰ፤ ልጄ ጀርባዬ ላይ ትጮኻለች።

«ያ ቢት! አንቺ ልጅ!» አለ የእርሻው ባለቤት ሐጅ ኡስማን፣ በተሰባበረ አማርኛ። «ጎንደር ድረስ ልትሮጪ ነው? ወደ ተረሱ!»

ተረስ የሚሉት ማሳው ውኃ እንዲያቁር ዳር ዳሩን የሚቆለለውን አፈር ነው። ከወገብ አያልፍም፤ ሰው ያድናል ብዬ አስቤው አላውቅም። ዞሬ እየዳህኩ ወጣሁበት። ውኃው ከሥራችን ሲያልፍ ልጄን ፈትቼ አቀፍኳት።

ሐጁ ክረምቱን ሙሉ ተረሱን እየዞረ የአይጥ ጉድጓድ የሚደፍነው ለምን እንደሆነ የገባኝ ያኔ ነው።

በማግስቱ ለሰብለ ራሴ ደወልኩ።

«ግድባችሁን እየዞረ ቀዳዳ የሚደፍን ሰው አለ?»

«ሞልቷል እማዬ። በግም ያሰማሩበታል፤ አፈሩን በኮቴው እየረገጠ ያጠነክረዋል።»

በግ! ብቻዬን ሳቅሁ። አውሮፓ ሲባል በረዶ የለበሰ ተራራ ብቻ ይመስለኝ ነበር፤ ለካ ሜዳውን በእጃቸው የሚጠብቁ ገበሬዎችም አሉበት። አሁን ልቤ አርፏል። ልጄ ደኅና ቦታ ናት።