አይሻ ድረስ የተላከ ምስጋና

በስልክ የሚላክ ምስጋና ምስጋና አይደለም እያልኩ ነው ልጆቼን ያሳደግሁት። ያደረገልህን ሰው ደጁ ድረስ ሄደህ፣ ዓይኑን እያየህ፣ እጁን ስመህ ካላመሰገንከው ስጦታውን ወሰድክ እንጂ አልተቀበልክም። ዛሬም የማምነው ይህንኑ ነው። ልጄን ያጣሁትም በዚሁ ነው።

ጅግጅጋ የመጣሁት ደርግ በወደቀ ማግስት ነው። ከሐረር በሚመጣው መንገድ መግቢያ ላይ ጎሚስታ ከፍቼ የጭነት መኪና ጎማ እየጠገንኩ ቤተሰቤን አስተዳደርኩ። የትምህርት ቤት ደጅ አልረገጥኩም። ፊደል የለየሁት ከመኪናዎቹ ጎን ላይ ከተጻፈው ነው፤ ከዚያ በኋላ ስኳር የተጠቀለለበትን ጋዜጣ እየዘረጋሁ በራሴ ተማርኩ። ስለዚህ ሁለተኛው ልጄ ዩኒቨርሲቲ ገብቶ፣ ከየትምህርት ክፍሉ ብልጫ ያላቸው ብቻ ተለቅመው ለሚማሩበት ልዩ ክፍል መመረጡን የሰማሁ ቀን፣ ደስታዬን ለመደበቅ ሠራተኞቼን ስቆጣ ዋልኩ።

ያንን ክፍል የሚደግፉት በጅቡቲ ድንበር በኩል ባለችው አይሻ ከተማ የሚኖሩ ሶማሌ ነጋዴ ነበሩ፤ ወደ ጅቡቲ ከብት የሚልኩ ሐጂ። መጻሕፍቱን፣ ኮምፒዩተሮቹን፣ መብራት ሲጠፋ የሚነሳውን ጄኔሬተር የገዙት እሳቸው ናቸው። ስማቸው በር ላይ እንዲጻፍ አልፈቀዱም። ለምስጋና ሲጠሩም አይመጡም፤ «ዱዓ አድርጉልኝ፣ ይበቃኛል» ብለው ይልካሉ።

ልጄ ሦስተኛ ዓመት ሲደርስ ወላጆች ተሰብስበን ለሰውየው ምን እናድርግ ተባባልን። ተነሥቼ፣ «እሳቸው ካልመጡ ልጆቹ ይሂዱ» አልኩ።

«ጋሼ፣ አይሻ እኮ እንደ ባቢሌ ቅርብ አይደለም!» አለ አንዱ ጨርቅ ነጋዴ። «ኦቾሎኒ ገዝቶ የሚመለስ መሰለዎት?»

«ተዋቸው» አለ ሌላው፣ «የጎማ ነፋስ ሸጦ ለሚያድር ሰው መንገድ አይርቀውም።»

ተሳቀ። የሌሎቹ ልጆች በስልክ አመሰገኑ። የእኔ ግን ይሄዳል አልኩ።

ማታ ለልጄ ነገርኩት።

«አባዬ፣ ራሳቸው አትምጡብኝ ይላሉ እኮ።»

«ለጋስ እንዲህ ይላል። አመስጋኝ ደግሞ ይሄዳል።»

«አምና ከክፍላችን አንደኛ የወጣው ልጅ ባጃጅ እየነዳ ነው» አለኝ። «እሱ ምን ብሎ ያመስግን?»

«ባጃጅ መንዳት ነውር ነው?»

«ነውር ነው አላልኩም።»

«እንግዲያው አመስግኖ ይንዳ።»

እናቱ ሳህን ታነሣ ነበር። «አንተ ሰውዬ፣ ልጁ ሌላ ነገር ነው የሚነግርህ» አለችኝ። እኔ ግን በክርክር መሸነፍ አልወድም። አሸንፌ ተኛሁ።

በማግስቱ የሚናገረውን አስጠናሁት፤ ከማን ልጅ እንደሆነ፣ ምን እንደሚማር፣ በምን ቃል እንደሚመርቃቸው። ለሐጂው የባቢሌ ኦቾሎኒ በከረጢት አስያዝኩት። ጎማውን በእጄ የጠገንኩት አይሱዙ ነበር፤ በደምበል በኩል ወደ አይሻ ሲሄድ በዚያው አሳፈርኩት። ሹፌሩን፣ «ሐጂው በር ላይ አውርድልኝ» አልኩት። በሩ ላይ አወረደው።

ይመለሳል በተባለበት ቀን አልመጣም። መንገዱ መጥፎ ነው ብለን ታገሥን። ከዚያ ሐጂው ራሳቸው ደወሉልኝ።

«ልጁ በደህና ገባ?» አሉኝ።

«የት?»

«ቤት ነዋ። እኔ ንጋት ላይ ለሱብሒ ሶላት ስነሣ ወጥቶ ነበር። ወደ እናንተ የተመለሰ መስሎኝ።»

በዚህ አገር የሚኖር ሰው፣ ልጅ ሳይሰናበት ሲወጣ ወዴት እንደሆነ ይገባዋል። ታህሪብ ይሉታል፤ በጅቡቲ አድርጎ፣ በጀልባ ወደ የመን ተሻግሮ፣ ወደ ሳዑዲ የሚኬደውን የስውር መንገድ። አይሻ የዚያ መንገድ አፍ ናት። እኔ አይሻን የማውቃት የሐጂው አገር ብዬ ብቻ ነበር።

በዚያው ሳምንት ሄድኩ። ከተማዋ አሮጌው ሐዲድ ዳር ተጋድማ አቧራ ትጠጣለች። ሐጂው ከበራቸው ላይ ቆመው ጠበቁኝ። ረጅም፣ ጢማቸውን ሂና የተቀቡ ሽማግሌ ናቸው።

«ወላል» አሉኝ፤ ወንድሜ ማለታቸው ነው። «ይቅር በለኝ። ከእኔ ቤት አድሮ ነው የጠፋው። ያንን ክፍል የምረዳው ልጆቹ በዚህ መንገድ እንዳይሄዱብን ነበር። የእህቴን ልጅ ባሕሩ ነው የበላው።»

በማን መኪና እንደሄደ፣ ከማን ጋር እንደሄደ ልጠይቅ ነበር የመጣሁት። ከአፌ የወጣው ግን ሌላ ነው።

«አመስግኖዎታል?»

«ሁለቴ» አሉኝ። «ሲደርስ አንተ ያስጠናኸውን ሁሉ አንድም ሳያጎድል ተናገረ። ልንተኛ ስንል ደግሞ ተመልሶ መጥቶ እጄን ሳመ። ምንም አላለም። የእናንተ ሰዎች ወግ መስሎኝ መረቅሁት።»

የእኛ ሰዎች ወግ አልነበረም። እንዲህ ያለ ነገር አላስተማርኩትም።

ከቤት ሲወጣ አስቦበት ይሁን፣ ወይስ እዚያ ደርሶ ሂያጆቹን ሲያይ ልቡ ተነሥቶ፣ አላውቅም። ሰዎች ሊያጽናኑኝ፣ «ልቡ ከሸፈተ በሌላ በኩልም መሄዱ አይቀርም ነበር» ይሉኛል። ሊሆን ይችላል። በዚህ በኩል ያሳፈርኩት ግን እኔ ነኝ። ሚስቴ ይህን ቃል በቃል አንድ ጊዜ ነግራኛለች፤ አልደገመችውም። የመን ገባ የሚል ሰው አላገኘንም። ባሕር ላይ ቀረ የሚልም የለም። ስለዚህ ለቅሶ አልተቀመጥንም፤ አልጋውንም አላነሣንም። ሰው እንዲህ ሆኖም ይኖራል። ጎማ ይመጣል፣ እጠግናለሁ።

ክፍሉ አልተዘጋም። ሐጂው ድጋፋቸውን አላቋረጡም፤ ሌሎች ልጆች በዚያው ጄኔሬተር ብርሃን ያጠናሉ። አንድ ቀን ልጇ አዲስ የተመረጠችላት እናት ጎሚስታዬ ድረስ መጥታ፣ «ጋሼ፣ እርስዎ ወግ ያውቃሉ፤ ልጄን ለምስጋና ልላካት?» አለችኝ። አትላኪያት ብል ዕድሜዬን ሙሉ ያስተማርኩትን መካድ ሆነብኝ። ላኪያት ለማለትም አፌ አልታዘዘኝም።

«አንቺ ሂጂ» አልኳት። «እሷ ትማር።»

እኔ በየዓመቱ እሄዳለሁ። ወዴት ነው ሲሉኝ ለምስጋና እላለሁ። መዋሸት ነውር ነው ብዬ ያሳደግሁ ሰው ነኝ፤ ይህ ግን ግማሹ ውሸት ነው። የምሄደው የልጄን ወሬ ፍለጋ ነው። ሐጂውም ያውቃሉ። ገና ከመኪና ስወርድ ሲያዩኝ፣ ከሰላምታው በፊት ራሳቸውን ነቅንቀው፣ «የለም» ይሉኛል።

ከዚያ እጃቸውን ስሜ አመሰግናቸዋለሁ።