ከቤት ያጣናቸው ሴቶች

አባቴ ከአገር ቤት መጥቶ፣ በዚህች የወደብ ከተማ የባቡር ጣቢያ ትኬት ቆራጭ ሆኖ ኖሮ፣ የድሮው ባቡር ሥራ ሊያቆም ሲቃረብ ጡረታ የወጣ ሰው ነው። ስታቲስቲክስ ልማር መሆኔን ስነግረው ግራ ገባው።

«ምንድነው እሱ ደግሞ?»

«ጥቂት ሰው ጠይቆ ስለ ብዙ ሰው ማወቅ ነው፣ አባዬ።»

«ሐሜት ነዋ!» አለና ሳቀ። «እሱንማ እዚህ ሰፈራችን ካርቲየ ሁለት ሳይማሩ የሚሠሩት ሞልተዋል።»

ሁለተኛ ዲግሪዬን ስጀምር፣ ስለ ከተማዋ የመጠጥ ውሃ በሚደረግ የቤት ለቤት ጥናት ላይ ጠያቂ ሆኜ ተቀጠርኩ። እኔ በፈረንሳይኛና በሶማልኛ፣ አብራኝ የምትማረው የአፋር ልጅ ጓደኛዬ ደግሞ በራሷ ቋንቋ እየጠየቅን ሙቀቱ ሳይበረታ ጠዋት ጠዋት እንዞር ነበር። ደንቡ ቀላል ነው፤ የተመረጠው ቤት ከተዘጋ የጎረቤቱን አንኳኩ።

አንድ ቀን ከከተማዋ ዳር ካሉት ሰፈሮች በአንዱ የቆርቆሮ በር ደጋግመን አንኳኳን። የከፈተልን የለም። ወደሚቀጥለው ቤት ስናልፍ በሩን የከፈተችልን ሴት ከነፈገግታዋ «ውሃ? እኛ ደህና ነን፣ ቧንቧ አለን» አለችን። ጽፌ ልወጣ ስል እንዲያው ለወጉ ያህል ጎረቤቷ የት እንደሄደች ጠየቅኋት።

«ውሃ ልትቀዳ ነዋ! ጠዋት መቼ ቤቷ ትገኛለች?»

ቆሜ ቀረሁ። ውሃ ያጣችውን ሴት ትተን፣ ውሃ ያላትን በእሷ ቦታ መጻፋችን ነበር። ከተማው ሁሉ «ደህና ነን» የሚለን ለካ ለዚህ ነው! ጓደኛዬን እጇን ይዤ ስነግራት ዓይኗ ፈጠጠ።

በማግስቱ ለጥናቱ ኃላፊ አስረዳሁ። እንደ ፈረንሳይኛው ወግ «እርስዎ» እያለ፣ በትሕትና መለሰኝ።

«እርስዎ ገና ተማሪ ነዎት። ደንቡ በየአገሩ የሚሠራበት ነው። ሪፖርቱም ዘግይቷል።»

እልህ ያዘኝ። ፕሮፌሰሬን አስፈቅጄ ይህንኑ የመመረቂያ ጥናቴ አደረግኩት። ያን በጋ ካምሲን የሚሉት ትኩስ ነፋስ አሸዋውን ፊታችን ላይ እየበተነው፣ ከጓደኛዬ ጋር ወደነዚያ የተዘጉ በሮች ተመላለስን። ጠዋት ያጣናትን ከሰዓት፣ ከሰዓት ያጣናትን ወደ ማታ ፈለግናት። የቆርቆሮው በር ባለቤት በመጨረሻ ስትከፍትልን ጀሪካኗን ገና ከጀርባዋ አላወረደችም ነበር።

«ሁሌ ስወጣ የምትመጡት እናንተ ናችሁ?» ብላ ሳቀችብን። ከዚያ ግን ተቀምጣ ሁሉንም ነገረችን፤ ርቀቱን፣ ወረፋውን፣ በወረፋ ምክንያት ከትምህርት ቤት የቀረችውን ልጇን።

ውጤቱ እንደጠረጠርኩት ሆነ። የቤቱን ሰው ለማግኘት በተቸገርን መጠን የውሃው ችግርም ይብሳል። ከዚህ ተነስቼ፣ ጨርሶ ያላገኘናቸውን ቤቶች ችግር ለመገመት የሚያስችል ስሌት ሠራሁ። ፕሮፌሰሬ አንብቦ ሲጨርስ መነጽሩን አወለቀና «ይህ ለሽልማቱ መቅረብ አለበት» አለኝ። ሽልማቱ የአካባቢው አገሮች ዩኒቨርሲቲዎች ተባብረው፣ ስታቲስቲክስን ለሕዝብ ጥቅም ላዋለ ጥናት የሚሰጡት ነው።

ውድድሩ የተካሄደው ፕላቶ ዱ ሰርፓን በሚባለው ሰፈር ባለ አዳራሽ ውስጥ ነበር። አባቴ ለሠርግ የሚለብሰውን ኮት ለብሶ፣ እናቴም ነጠላዋን አጣፍታ ከፊት ተቀመጡ። ከዳኞቹ አንዱ፣ ጥርጣሬው ከፊቱ የሚነበብ ሽማግሌ፣ የተዘጋውን ቤት በጎረቤቱ መተካት ምን ጉዳት እንዳለው ጠየቀኝ።

«ጌታዬ፣» አልኩት፣ «ታማሚው ሐኪም ቤት ካልመጣ፣ የጤነኛ ጎረቤቱን ደም መርምረን ደህና ነው አንልም።»

አዳራሹ በሳቅ ፈነዳ፤ ሽማግሌውም አብሮ ሳቀ።

ስሜ ሲጠራ እናቴ እልልታዋን አቀለጠችው። በዚያ ኮስታራ አዳራሽ እልልታ ተሰምቶ የሚያውቅ አይመስለኝም። ጓደኛዬን ጎትቼ መድረክ ላይ አወጣኋት፤ ያን ሁሉ አሸዋ ብቻዬን አልበላሁትማ! በፈረንሳይኛ ካመሰገንኩ በኋላ በአማርኛ «አባዬ፣ እማዬ፣ ይሄ የእናንተ ነው» ስል አባቴ ብድግ ብሎ ሲያጨበጭብ ሰዉም ተከትሎት ተነሣ። ስንወጣ ያ የጥናቱ ኃላፊ በሩ ላይ ጠበቀኝ።

«እርስዎ ልክ ነበሩ፤ የሚቀጥለውን ጥናት በእርስዎ መንገድ እናደርገዋለን። ጠያቂዎቹን ያሠለጥኑልናል?»

«በደስታ!» አልኩት፤ ደስታዬንም ልደብቀው አልሞከርኩም።

አዲሱ ጥናት ካለቀ በኋላ የውሃ ቦቴዎች ወደዚያ ሰፈር መመላለስ ጀመሩ። ከጓደኛዬ ጋር ልናይ ሄድን። ባለ ቆርቆሮ በሯ ሴት ከቦቴው አጠገብ ሆና ጀሪካኗን እየሞላች ነበር። ስታየን ወደ ጎረቤቶቿ ዞረችና «በር የሚደበድቡት እነዚህ ናቸው!» ብላ ጮኸች። ሴቶቹ ከበቡን፤ አንዷ ትከሻዬን መታ መታ አደረገችኝ፣ ሌላዋ ጓደኛዬን አቀፈቻት፣ ሁሉም በየቋንቋቸው ባንድ ጊዜ ያወሩ ነበር። በሕይወቴ የዚያን ቀን ያህል ኮርቼ አላውቅም።