በስምንት ቁጥር የተተኮሰው ልብስ

ጸሐይወርቅ ድሮ አንድ ሸሚዝ ተኩሳ ለማንጠልጠል ሦስት ደቂቃ አይፈጅባትም ነበር። አንገትጌ፣ ትከሻ፣ እጅጌ፣ ጀርባ፤ የእንፋሎት ካውያው በእጇ ሲሄድ ክብደት ያለው አይመስልም። በመተማ በኩል ካርቱም የገባችው በሃያ ሦስት ዓመቷ ነው። መጀመሪያ ሰው ቤት ሠራች፤ ከዚያ አርካዊት ሰፈር ያለ አንድ ትልቅ የልብስ ማጠቢያ ቤት፣ ሱዳኖቹ መግሰላ የሚሉት፣ ተኳሽ አድርጎ ቀጠራት። የሆቴል አንሶላ፣ የሐኪም ጋዋን፣ የነጋዴ ጀለቢያ እየተኮሰች አሥራ ሁለት ዓመት እዚያው ቆመች። ባል አላገባችም፤ ልጅም የላትም።

አርባ ሦስት ዓመት ሲሞላት አንድ ጠዋት ጣቶቿ አልታጠፍ አሏት። ድካም ነው ብላ ተወችው። ወር ሳይሞላ አንጓዎቿ አበጡ፤ የበር ቁልፍ ማዞር አቃታት። የመረመራት ሐኪም አልሸፋፈነላትም። «ሩማቲዝም ነው። አይድንም። መድኃኒቱን ካላቋረጥሽ ግን ይያዝልሻል» አላት። በሳምንት አንዴ የሚዋጥ ኪኒን ነው። ሐሙስ ማታ ትውጠዋለች፤ አርብ የዕረፍት ቀን ስለሆነ ሲያቅለሸልሻት ትውላለች፤ ቅዳሜ ሥራ ትገባለች። በሌላው ቀን ደግሞ ጀብራ ሰፈር ባለችው ክፍሏ እጆቿን ለብ ያለ ውሃ ውስጥ ነክራ ግማሽ ሰዓት ትቀመጣለች። ያኔ ነው የቀሚሷን ቁልፍ መያዝ የምትችለው። ሥራ ቦታ ለማንም አልተናገረችም። እጁ የታመመበትን ተኳሽ ማን ያስቀምጣል?

ያወቀችባት ዘኪያ ብቻ ናት። ዘኪያ የወሎ ልጅ ናት፤ ሃያ ስድስት ዓመቷ ነው። እዚያው ካርቱም፣ ሪያድ ሰፈር አንድ ቪላ ውስጥ ሁለት ዓመት አገልግላ፣ ቆሻሻ ለመድፋት ካልሆነ ከግቢው ሳትወጣ ነበር የኖረችው። አምልጣ መግሰላው በር ላይ ስትቆም ካውያ እንዴት እንደሚያዝ እንኳ አታውቅም ነበር። ያስተማረቻት ጸሐይወርቅ ናት፤ ቤት እስክታገኝም ሦስት ወር ክፍሏ ውስጥ አሳደረቻት። ዘኪያ «አርብ አርብ የፈለግኩበት ረክሻ ላይ ወጥቼ የፈለግኩበት መውረዴ፣ እትዬ፣ ወላሂ ሕልም ይመስለኛል» ትላት ነበር።

የሱዳኑ ጦርነት ሊመጣ አንድ ዓመት ያህል ሲቀረው መግሰላው ተሸጠ። አዲሱ ባለቤት ሀሰን የሚባል ወጣት ኃላፊ ላከ። ሀሰን ክፉ ሰው አልነበረም፤ ሰላምታ ሳይሰጥ አያልፍም። ግን በገባ በሳምንቱ ሠራተኛውን ሰብስቦ በየሦስት ወሩ ተቅዪም፣ የሥራ ግምገማ፣ እንደሚኖር አስታወቀ። ለእያንዳንዱ ተኳሽ ቁጥር ተሰጠው። የተኮስከውን ስትጨርስ ቁጥርህ ያለበትን ወረቀት ክምሩ ላይ በመርፌ ቁልፍ ትሰካለህ፤ ማታ ይቆጠራል። ጸሐይወርቅ ስምንት ቁጥር ሆነች፤ ዘኪያ አሥራ አራት።

በመጀመሪያው ሳምንት የጸሐይወርቅ ክምር ከሁሉም አነሰ። በሁለተኛው ዘኪያ ጠጋ አለቻት።

«እትዬ፣ ቁጥርሽን ስጪኝ።»

«ምን ልታደርጊው?»

«ይሄን አንሶላ ባንቺ ላድርገው።»

«ያንቺስ?»

«እኔ ፈጣን ነኝ። አይጎድልብኝም።»

እምቢ ማለት እንደነበረባት ጸሐይወርቅ ያኔም ታውቅ ነበር። «እንግዲያው ለዛሬ ብቻ» ብላ ወረቀቶቹን ሰጠቻት። በማግስቱ ዘኪያ ሳትጠይቅ ወሰደች። እንዲህ እንዲህ እያለ ሦስቱ ወር አለቀ።

የግምገማው ቀን ማክሰኞ ነበር። አንድ በአንድ እየተጠሩ ይገባሉ። ጸሐይወርቅ እጆቿን በነጠላዋ ሸፍና ገባች።

«ተፈደሊ፣ ተቀመጪ» አለ ሀሰን በአረብኛ፤ ኮምፒውተሩን አየ። «ማሻአላህ! ከአሥራ ዘጠኙ አራተኛ ነሽ። በዕድሜ ደግሞ ሁሉንም ትበልጫለሽ። እንዲህ ያለ ሰው ነው የምንፈልገው።»

እሷ እጆቿን ነጠላው ውስጥ ይበልጥ ሰበሰበች።

«አሥራ አራት ቁጥር ያገርሽ ልጅ ናት አይደል? መጨረሻ ወጥታለች። ወጣት ናት፣ ጤነኛ ናት፤ ስልኳን ስታይ የምትውል ይመስለኛል። ሁለት ሰው በሌላ ቀይር ተብያለሁ፤ አንዷ እሷ ናት። ስለሷ የምትነግሪኝ ነገር አለ?»

ሁሉን ነገር ለማፍረስ አንድ ዓረፍተ ነገር ይበቃ ነበር። ጸሐይወርቅን የቤት ኪራይዋ፣ ኪኒኗ፣ የመኖሪያ ፈቃዷ ኢቃማ አንድ ላይ ታዩዋት። በዚህ እጅ ማን ይቀጥራታል?

«ጎበዝ ልጅ ናት» አለች።

«ወረቀቱ እንደዚያ አይልም» አለ ሀሰን። የምትፈርምበትን አቀረበላት። ብዕሩን በሌባ ጣቷና በመሃል ጣቷ መካከል አጣብቃ ስሟን ቀስ ብላ ጻፈች። ሀሰን ስልኩን ያይ ስለነበር እጇን ልብ አላለውም።

ዘኪያ ከዚያ ክፍል ስትወጣ አላለቀሰችም። ጫማዋን ከመደርደሪያው አነሳች፤ ሽርጧን አጣጥፋ ጠረጴዛ ላይ አኖረች።

«ነገርሽው?» አለቻት ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ።

«አልነገርኩትም።»

«ደግ አደረግሽ» አለች ዘኪያ። ከልቧ ይሁን ከምሬት ጸሐይወርቅ መለየት አልቻለችም።

አራት ቀን እንቅልፍ አጣች። ቅዳሜ ጠዋት ሥራ ሳይጀመር ወደ ሀሰን ገብታ ሁሉንም ተናገረች። ነጠላዋንም ገልጣ እጆቿን ጠረጴዛው ላይ ዘረጋች። ሀሰን አያቸውና ፊቱን ወደ መስኮቱ አዞረ።

«ማክሰኞ ብትነግሪኝ ኖሮ» አለ። «ዝርዝሩ ሄዷል። በቦታዋም ሌላ ሰው ገብቷል።»

«እኔን አስወጣና እሷን መልሳት።»

«በእጄ አይደለም፣ ያ ኡኽቲ፣ እህቴ። መድኃኒት ትወስጃለሽ?»

«እወስዳለሁ።»

«እንግዲህ እኔ ምንም አልሰማሁም። ሂጂ፣ ሥራሽን ሥሪ።»

ምሕረት አድርጌላታለሁ ብሎ ሳያስብ አልቀረም። እሷ ግን ከዚያ ክፍል የወጣችው ስትገባ ከነበራት ሸክም ጋር ነው። ካውያውን አነሳች። ከጎኗ አሥራ አራት ቁጥርን የያዘች አዲስ ልጅ ቆማለች፤ ስሟን እንኳ አልጠየቀቻትም።

ከዚያ ወዲያ የስምንት ቁጥር ክምር እጇ የቻለውን ያህል ብቻ ሆነ። በሚቀጥለው ግምገማ አሥራ ዘጠነኛ ወጣች። ሀሰን ይህን ጊዜ ዓይኗን ማየት አልቻለም፤ የስንብት ወረቀቱን ገፋላት፣ ፈረመች፣ ወጣች።

ዘኪያ ሪያድ ሰፈር ተመልሳ ሰው ቤት መግባቷን ከሌላ ሴት ሰማች። በአንድ አርብ ሀፍላ በሚሉት አውቶቡስ ተሳፍራ ሄደች፤ ቪላውን እየጠየቀች አገኘችው። ዘበኛው አላስገባም አለ፤ ቆይቶ ግን ጠራላት። ዘኪያ በብረቱ በር ስንጥቅ ታየች፤ እጇ በሳሙና ነጥቷል፣ ከስታለች።

«እትዬ! ለምን መጣሽ? ማዳም እንግዳ አትወድም።»

«ዘኪያዬ፣ እኔ ነኝ እንዲህ ያደረግኩሽ።»

«ተይው እሱን።»

«ተናግሬ ነበር። ዘግይቼ ተናገርኩ።»

ዘኪያ መልስ ልትሰጥ አፏን ስትከፍት ከውስጥ ተጠራች። ወደኋላ ዞር አለች፤ «መጣሁ!» አለች በአረብኛ። በሩ ተዘጋ። ጸሐይወርቅ ትመለሳለች ብላ አጥሩ ጥግ ቆመች። ፀሐዩ ሲጠነክርባት ዘበኛው ራሱ አዝኖ «አትመጣም፣ እናቴ፤ ሂጂ» አላት።

በሚቀጥሉት ሁለት አርቦች ሄደች። ዘበኛው ጭራሽ መጥራቱን ተወ። በሦስተኛው አልሄደችም። ኪኒኗን በሳምንት መዋጡን ትታ እንዲቆይላት በሁለት ሳምንት አንዴ ማድረግ ጀምራለች፤ ጠዋት ጠዋት እጇ የሚፈታው ረፋድ ላይ ነው። አብዛኛውን ቀን ጀብራ ክፍሏ ውስጥ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጣ ውሃው እስኪቀዘቅዝ ድረስ እጆቿን ነክራ ትቆያለች፤ ከቀዘቀዘም በኋላ አታወጣቸውም።